ትኩሳቱ ስንተኛ ቀኑ ነው? የዴንጊ ሕመምተኛን ምልክትና የደም ውጤት ደረጃ በደረጃ ማንበብ

ጥቅምት ሲገባ ከመተማና ከቋራ የሰሊጥ አጨዳ የሚመለሱ ጎረምሶች ወደ ቡሬ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ይገባሉ። አንዳንዱ ይዞት የሚመጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ትኩሳትም ይዞ ይመጣል። ወሩ በጎጃም ቆላና ወይና ደጋ ወባ የሚበረታበት ስለሆነ ቤተሰቡ «ንዳድ ነው» ይላል፤ ጤና ጣቢያውም ደም ወስዶ ወባ ይፈልጋል። ይህ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው የወባው ምርመራ ነጻ ሲሆን ነው። ያኔ ብዙ ጊዜ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ይታዘዛል፣ «ታይፎይድ» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ለቁርጥማቱም የዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል። ሕመሙ ዴንጊ፣ ማለትም በትንኝ የሚተላለፈው የቫይረስ ሕመም፣ ከሆነ ያ መርፌ ደም ሊያፈስ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ለጤና ጣቢያ ነርስ፣ ለጤና መኮንን፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያ፣ እንዲሁም የውጤት ወረቀቱን በእጁ ይዞ «ይሄ ቁጥር ምን ማለት ነው?» ለሚል ቤተሰብ ነው። ደጋግሜ የምናገረውም አንድ ነገር ነው፦ በዴንጊ የደም ውጤት ያለ ቀኑ አይነበብም። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ) 90 ሺህ በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ይናገራል፣ በአምስተኛው ቀን ሌላ፣ በስምንተኛው ቀን ደግሞ ፍጹም ሌላ።

ዴንጊ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ በወረርሽኝ ተነሥቶ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን አሟል። ከዚያም በሶማሌ ክልል በጎዴ፣ በኋላም በአፋር ታይቷል። ለእኛ ለጎጃሞች የሚቀርበው ግን በመተማና በሁመራ ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል በመጡ ሰዎች ደም ውስጥ የዴንጊ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ነው። የእኛ ልጆች ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱት ወደዚያው ነው።

አንደኛ፦ ቀኑን ቁጠሩ

ትኩሳቱ የጀመረበት ዕለት «ቀን አንድ» ነው። ሰውየውን «መቼ ጀመረህ?» ብትሉት «ሰሞኑን ነው» ይላችኋል፤ በዚህ አትርኩ። ሰው የሚያስታውሰውን ዕለት ይዛችሁ ጠይቁ። «ወንድሜ፣ የቅዳሜ ገበያ ዕለት ደህና ነበርክ? ለሚካኤልስ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ነበር?» ስትሉት መልሱ ጥርት ብሎ ይመጣል፦ «ለሚካኤል ደህና ነበርሁ ሲስተር፤ በማግስቱ ነው ብርድ ብርድ ያለኝ።» በቃ፣ ጥቅምት 13 ቀን አንድ ሆነ ማለት ነው። በካርዱ ራስጌ ላይ በጉልህ ጻፉት። በየዕለቱም ከውጤቱ አጠገብ የትኩሳቱን ቀን አስፍሩ።

ይህን ጎረምሳ ይዘን እንቀጥል። ለማስረዳት ያህል የፈጠርሁት ምሳሌ ነው፤ ዕድሜው 24፣ ክብደቱ 60 ኪሎ፣ ከመተማ የተነሣው ጥቅምት 8 ነው እንበል።

ቀጥላችሁ የት እንደነበረና መቼ እንደተነሣ ጠይቁ። ቫይረሱ ከትንኟ ንክሻ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን፣ ቢበዛ እስከ 14 ቀን ድረስ ሳይታወቅ ይቆያል። ልጃችን ቆላውን ከለቀቀ በአምስተኛው ቀን ስለታመመ ሒሳቡ ይገጥማል። ደጋ ከተመለሰ ወር አልፎት ቢታመም ኖሮ እዚያ ስለመነከሱ መጠርጠር ይከብድ ነበር።

አስተላላፊዋ ኤደስ ኤጅፕታይ የምትባል ትንኝ ናት። የወባዋ ትንኝ በሌሊት ስትነክስ ይህቺ ግን በቀን፣ በተለይ ጠዋት ማልዳና ከመምሸቱ በፊት ትነክሳለች። የምትራባውም ረግረግ ላይ አይደለም፤ በበርሜል፣ ክዳን በሌለው ሮቶ፣ በተጣለ ጎማ ውስጥ በቆመ ንጹሕ ውኃ ነው። ስለዚህ «አጎበር ውስጥ ነው የምተኛው» ማለት ከወባ እንጂ ከዴንጊ ነጻ አያወጣም። ለማረፊያ ካምፑ ውኃ በምን እንደሚጠራቀም ጠይቁት፤ አብረውት የነበሩ ጓደኞቹ ታመው እንደሆነም ጠይቁት። ሦስት አራት ሰው በአንድ ሳምንት ከወደቀ ጥርጣሬያችሁ ይጠንክር።

በመጨረሻም ከዚህ በፊት እዚያ ወርዶ እንዲህ ያለ ትኩሳት ይዞት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። የዴንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የተያዘ ሰው ከዚያው ዓይነት ለዕድሜ ልኩ ይጠበቃል፤ በሌላው ዓይነት ዳግመኛ ሲያዝ ግን ሕመሙ የመክበድ ዕድሉ ይጨምራል። የፊተኛው ፀረ እንግዳ አካል አዲሱን ቫይረስ ይይዘዋል እንጂ አይገድለውም፤ እንዲያውም ወደ ሕዋስ እንዲገባ ያግዘዋል። በየዓመቱ ለሥራ የሚወርድ ሰው ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛ፦ ምልክቶቹን ከራስ እስከ እግር ፈልጉ

ትኩሳቱ በድንገት ነው የሚነሣው፤ 39 እና 40 ዲግሪ ይደርሳል። ራስ ምታቱ ከግንባር ያይላል። ሕመምተኛው ዐይኑን ወደ ጎን ሲያዞር ከዐይኑ ኳስ ጀርባ ያመዋል፤ ይህን «ዐይንህን ሳትጨፍን ወደዚህ ወደዚያ አዙር» ብላችሁ አስደርጉት፣ ፊቱን ሲያጨማድድ ታያላችሁ። ወገቡን፣ ጡንቻውን፣ መገጣጠሚያውን ክፉኛ ይቆረጥመዋል። በሌላው ዓለም «አጥንት ሰባሪ» የተባለው በዚሁ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት አብረው ይመጣሉ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊት፣ አንገትና ደረት ይቀላሉ። መጻሕፍት ይህን የሚገልጹት ቀላ ያለ ቆዳን እያሰቡ ነው፤ በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ በቀላሉ አይታይም። ወደ መስኮት አስጠግታችሁ የክንዱን የውስጥ በኩል፣ የላንቃውን ጣሪያ፣ የዐይኑን ነጭ ክፍል ተመልከቱ። ደረቱን በመዳፋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ስትለቁ የመዳፋችሁ ቅርጽ ለቅጽበት ደብዝዞ ከቀረ ቆዳው ቀልቷል ማለት ነው። ድዱን አስከፍቱት፤ ጥርሱን ሲፍቅ ይደማ እንደሆነ፣ ነስሮት ያውቅ እንደሆነ፣ ሰገራው ጠቁሮ እንደሆነ ጠይቁ። ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ከልክ በላይ በዝቶ ወይም ያለጊዜው መጥቶ እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቋት፤ እርሷ ከሕመሙ ጋር አያይዛ ላትነግራችሁ ትችላለች።

ሆዱን ስትዳስሱ ከቀኝ የጎን አጥንት በታች ጉበቱን ፈልጉ። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ከተገኘ ወይም ሲነካ ካመመው ይህ የአደጋ ምልክት ነው።

ሦስተኛ፦ የክንድ ሙከራ

ገንዘብ የማይጠይቅ፣ የደም ግፊት መለኪያና ሰዓት ብቻ የሚፈልግ ሙከራ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ጤና ኬላም ይሠራል። የደም ግፊቱን ለኩ፤ ለምሳሌ 110 በ70 ቢሆን መካከሉ 90 ነው። መለኪያውን እስከ 90 ነፍታችሁ አምስት ደቂቃ አቆዩት። ጎረምሳው ክንዱ ይደነዝዘዋል፤ አስቀድማችሁ ንገሩት። አየሩን ለቃችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁና ከክርኑ እጥፋት በታች ባለው ለስላሳ ቆዳ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር በ2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በእስክሪብቶ አሥምሩ። በውስጡ ያሉትን የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደም ነጠብጣቦች ቁጠሩ። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ሙከራው ፖዘቲቭ ነው። ነጠብጣቡ ሲጫኑት የማይጠፋ መሆን አለበት፤ የትኋን ወይም የቁንጫ ንክሻ ተጭናችሁ ስትለቁ ይደበዝዛል።

ይህ ሙከራ ብቻውን ዴንጊን አያረጋግጥም። ነጻ ቢሆንም ዴንጊን አያስወጣም። ከቀኑና ከሲቢሲው (ከደም ሕዋሳት ቆጠራው) ጋር ሲደመር ግን ብዙ ይናገራል።

አራተኛ፦ ሲቢሲውን በየዕለቱ አንብቡ

ደሙ በሐምራዊ ክዳን ባለው ኢዲቲኤ ቱቦ ይወሰድ። ቱቦውን ስምንት አሥር ጊዜ በእርጋታ ገለባብጡት፤ አትነቅንቁት። በደንብ ካልተቀላቀለ ፕላትሌቶቹ ተጣብቀው ማሽኑ በሐሰት ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። ፕላትሌት ዝቅ ብሎ ሲመጣ ሰው ከማስደንገጣችሁ በፊት ስላይድ ቀቡና የጠርዙን ክፍል ለተጣበቀ ፕላትሌት ፈትሹ። ማሽን በሌለበትም ተስፋ አትቁረጡ። በ100 ሌንስ ዘይት ጨምራችሁ አሥር መስክ ቁጠሩ፣ አማካዩን ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ አባዙት። በአንድ መስክ በአማካይ 3 ካያችሁ ፕላትሌቱ ከ45 ሺህ እስከ 60 ሺህ አካባቢ ነው። ለውሳኔ ይበቃል።

በዴንጊ መጀመሪያ የሚወርደው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ከ4,000 በታች፣ ብዙ ጊዜም ከ3,000 በታች ይሆናል። ከነጮቹ ውስጥ ኒውትሮፊል ይቀንስና ሊምፎሳይት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስላይዱ ላይ ትላልቅ፣ ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም ያላቸው ያልተለመዱ ሊምፎሳይቶችም ይኖራሉ። እዚህ ላይ ለእኛ አገር አንድ ጥንቃቄ አለ። ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ነጭ የደም ሕዋሱና ኒውትሮፊሉ በውጭ መጻሕፍት ከተጻፈው ልክ ዝቅ ሊል ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ 3,800 ምንም ላይሆን ይችላል። በሁለት ቀን ውስጥ ከ3,800 ወደ 2,300 መውረድ ግን ጤነኛ ነገር አይደለም። አሁንም ወደ ቀኑና ወደ አካሄዱ ተመለስን።

የልጃችንን ወረቀቶች ጎን ለጎን እንያቸው። ጥቅምት 14፣ ቀን ሁለት፦ ትኩሳት 39.4፣ ነጭ ሕዋስ 3,800፣ ፕላትሌት 165 ሺህ፣ ሄማቶክሪት (ትርጉሙ ቀጥሎ ይመጣል) 44። ወባ ነጻ፣ የክንድ ሙከራ 14 ነጠብጣብ። ጥቅምት 16፣ ቀን አራት፦ ትኩሳት 38.3፣ ነጭ ሕዋስ 2,300፣ ፕላትሌት 92 ሺህ፣ ሄማቶክሪት 46። ጥቅምት 17፣ ቀን አምስት ጠዋት፦ ትኩሳት 37.1፣ ፕላትሌት 48 ሺህ፣ ሄማቶክሪት 53።

አባቱ ግንባሩን ዳሰው «ተመስገን፣ ለቀቀው!» የሚሉት በዚህ ሦስተኛው ጠዋት ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ጠዋት ነው።

አምስተኛ፦ ሄማቶክሪትን እንደ ወጥ አስቡት

ሄማቶክሪት ማለት ከደሙ ውስጥ ቀይ ሕዋሱ የያዘው ድርሻ በመቶኛ ነው። ዴንጊ የሚገድለው በአብዛኛው በደም መፍሰስ ሳይሆን የደሙ ውኃ ከደም ሥር ሾልኮ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ስለሚወጣ ነው። ውኃው ሲወጣ ቀይ ሕዋሱ ውስጥ ይቀራል። ወጥ ምድጃ ላይ ተረስቶ ውኃው ሲመጥ እንደሚወፍር ሁሉ ደሙም ይወፍራል፤ ሄማቶክሪቱም ይወጣል። ከመነሻው 20 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ደም ሥሩ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከዛሬው የመጀመሪያውን ቀንሱ፣ ለመጀመሪያው አካፍሉ። 53 ሲቀነስ 44 ይሆናል 9፤ 9 ለ44 ሲካፈል 20 ከመቶ ያልፋል። በሁለተኛው ቀን የተለካው 44 በካርዱ ላይ ባይኖር ኖሮ ግን 53 ቁጥር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በደጋ የኖረ ሰው ሄማቶክሪቱ ከቆላ ሰው ይበልጣል። በወባና በመንጠቆ ትል ደሙ ያነሰ ሰው ደግሞ መነሻው 30 ሊሆን ይችላል፤ 36 ሲደርስ ወረቀቱ ላይ «ዝቅተኛ» ተብሎ ቢታተምም 20 ከመቶ ጨምሯል፣ አደጋ ውስጥም ነው። ስለዚህ ሰውየውን የሚመዝነው የራሱ መነሻ ነው፤ ከማሽኑ ጎን የሚታተመው ልክ አይደለም። ትኩሳት ይዞት የመጣ የቆላ ተመላሽ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሄማቶክሪቱ ይለካ የምለው ለዚህ ነው።

ማሽን ከሌለ የካፒላሪ ቱቦ ይበቃል። ከጣት በተወሰደ ደም ቱቦውን እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙሉት፣ አንዱን ጫፍ ድፈኑት፣ በሴንትሪፊዩጅ ለአምስት ደቂቃ አሽከርክሩት፣ ቀዩን ዓምድ ብቻ አንብቡ፤ በላዩ ያለችውን ነጭ መስመር አትጨምሩ። ሄሞግሎቢን ብቻ ካላችሁ በሦስት ብታባዙት ለግምት ይረዳል። ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው አትዝለሉ፤ በጀመራችሁበት ቀጥሉ።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሲቢሲ በየቀኑ ይደገም፣ ትኩሳቱ ከወረደም በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ይቀጥል። የአደጋ ምልክት ለታየበት ሰው ሄማቶክሪቱ ፈሳሽ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ልዩነት እየተደገመ ይለካ።

ሌሎቹን የደም ምርመራዎች ባጭሩ ልለፋቸው። የጉበት ኢንዛይሞች ይጨምራሉ፤ ኤኤስቲ ከኤኤልቲ ይበልጣል፤ ከሁለቱ አንዱ 1,000 ከደረሰ ከባድ ዴንጊ ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ይቀንሳል። አልትራሳውንድ ባለበት በሐሞት ከረጢት ግድግዳ ላይ መወፈር፣ በሆድና በቀኝ ሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ ይታያል።

ስድስተኛ፦ ፈጣኑን የዴንጊ ምርመራ እንደ ቀኑ ምረጡ

ኪቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። ኤንኤስዋን የሚባለው የቫይረሱን ፕሮቲን ይፈልጋል፤ የሚጠቅመው ከመጀመሪያው ቀን እስከ አምስተኛው ነው። አይጂኤም ፀረ እንግዳ አካል የሚታየው ከአራተኛውና ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ነው፣ ከዚያም እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። በሁለተኛው ቀን አይጂኤም ሠርታችሁ «ነጻ ነው፣ ዴንጊ የለብህም» ብትሉት ሳትመረምሩት እንደ መለሳችሁ ቁጠሩት። በሰባተኛው ቀን ኤንኤስዋን ብቻ ሠርታችሁ ነጻ ብትሉትም እንደዚያው ነው።

ሦስት ነገር አስተውሉ። አይጂኤም ፖዘቲቭ ከሆነ ባለፈው ወር ያለፈ ዴንጊ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ትኩሳት ግን ወባ ሊሆን ይችላል። አይጂጂ (ካለፈ ሕመም በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ፀረ እንግዳ አካል) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ብሎ ከተገኘ ሰውየው ዳግመኛ መያዙን ያመለክታልና በቅርብ ተከታተሉት፤ በዳግመኛ ሕመም ኤንኤስዋን ቶሎ ሊጠፋና አይጂኤምም ሊያንስ ይችላል። ቢጫ ወባና ዚካ ደግሞ የዴንጊ ዘመዶች ስለሆኑ ፀረ እንግዳ አካላቸው በምርመራው ሊምታታ ይችላል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ወስዶ እንደሆነም ጠይቁ።

ኪት የለም ብላችሁ እጃችሁን አታጣጥፉ። የሕክምናው ውሳኔ በቀኑ፣ በሄማቶክሪቱና በአደጋ ምልክቶቹ ላይ የቆመ ነው። ለማረጋገጫ የሚሆነው ናሙና ግን በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ተወስዶ፣ ሴረሙ ተለይቶ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ይያዝና በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ አማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወዳለው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንዲደርስ ጠይቁ። ጥርጣሬውን በዚያው ዕለት ሪፖርት አድርጉ፤ እስኪረጋገጥ አትጠብቁ።

ሰባተኛ፦ ከጎረቤቶቹ ለዩት

ወባም ፕላትሌት ያወርዳል። ስለዚህ በፕላትሌት ብቻ አትለዩም። ወባ ቀይ ሕዋስ ስለሚያፈርስ ሄማቶክሪቱን ያወርዳል፤ ዴንጊ በአደገኛው ሰዓት ያወጣዋል። ወባ ፖዘቲቭ መሆኑም ዴንጊን አያስወጣም፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። የወባ መድኃኒት ጀምሮ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሆዱን ክፉኛ ያመመው፣ እጁ የቀዘቀዘ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ ብቻ አይታለፍ።

በጎጃም የሚያገረሽ ትኩሳትም አለ፤ ቅማል የበዛበት ማረፊያ ውስጥ ተጨናንቀው የሚያድሩ ሠራተኞችን ይይዛል። እሱም ያስነስራል፣ ፕላትሌትም ያወርዳል። መልሱ ያው የወባው ስላይድ ላይ ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው ወባ ብቻ ፈልጎ ስላይዱን ካስቀመጠ የሕመሙን ባክቴሪያ፣ ጠመዝማዛዋን ቦረሊያ፣ ሳያያት ያልፋል። ታይፎይድ ቀስ እያለ፣ ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ ትኩሳት ነው እንጂ እንደ ዴንጊ በአንድ ጀምበር 40 አይገባም። አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል ባለፈ ሕመም ወይም በሌላ ባክቴሪያ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ ብቻ ካርዱን አትዝጉ። ቺኩንጉንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ድሬዳዋን ያዳረሰው በዚችው ትንኝ ነው፤ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ ለወራትም ያቆያል፣ ደም ሥር ማፍሰሱ ግን እንደ ዴንጊ አይደለም። ዐይኑ ቢጫ የሆነ ትኩሳተኛ ከቆላ ከመጣ ቢጫ ወባንም አስቡ፤ ስልክ ለመደወል አትዘግዩ።

ስምንተኛ፦ ትኩሳቱ የወረደ ዕለት አትልቀቁት

ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ወደ 37 አካባቢ ሲወርድ ከ24 እስከ 48 ሰዓት የሚቆይ አደገኛ ወቅት ይጀምራል። አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ያልፈዋል። የማያልፈውን ግን አስቀድመን ልናውቀው እንችላለን። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስታወኩ ካላቋረጠ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ከፈዘዘ ወይም ከተቅበጠበጠ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ጉበቱ ካደገ፣ ሄማቶክሪቱ እየወጣ ፕላትሌቱ በፍጥነት ከወረደ ተኝቶ ይታከም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የአደጋ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም።

የደም ግፊቱን ስትለኩ የላይኛውን ቁጥር ብቻ አትዩ። ልጃችን በአምስተኛው ቀን ጠዋት 100 በ80 ነው፣ የልብ ምቱ 112፣ እጁና እግሩ ቀዝቃዛ። «100 ነው፣ ደህና ነው» ይባል ይሆናል። በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን 20 ብቻ ነው፤ ይህ ሾክ ነው፣ ደሙ ለሰውነቱ በበቂ እየደረሰ አይደለም። ጎረምሳ እስከ መጨረሻው ድረስ ቁጭ ብሎ ያወራችኋል፣ ከዚያ በድንገት ይወድቃል። የጣቱን ጫፍ ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ደሙ ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከወሰደ አትዘናጉ።

በዚህ ሰዓት ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ለ60 ኪሎ ሰው ከ300 እስከ 600 ሚሊ ሊትር፣ ይሰጥ። በየሰዓቱ እየመረመራችሁ ቀንሱ፤ ሄማቶክሪቱን ደግማችሁ ለኩ። ሪፈራሉን ስትጽፉ ፈሳሹ እየሄደ ይሁን፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ጊዜ አታጥፉ። የላይኛው ግፊት ጨርሶ ከወደቀ ፈሳሹ በፍጥነት፣ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በ15 ደቂቃ ውስጥ ነው። ሾክ ሳይኖር የአደጋ ምልክት ብቻ ካለ በየሰዓቱ በኪሎ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ሰጥታችሁ እንደ መልሱ ዝቅ አድርጉ። ሰው በተለምዶ «ግሉኮስ ይሰካልኝ» ይላል፤ ስኳር ብቻ ያለበት ፈሳሽ ግን ደም ሥር ውስጥ አይቆይም።

ፈሳሽ ሰጥታችሁ ሄማቶክሪቱ ሲወርድ ሁለት ፍቺ አለው። ሕመምተኛው ሞቅ ብሎ፣ ምቱ ረግቶ፣ ሽንቱ በዝቶ ከሆነ ጥሩ ነው። ምቱ እየፈጠነ፣ ግፊቱ እየወረደ፣ ሆዱ እየተነፋ ሄማቶክሪቱ ከወረደ ውስጥ ውስጡን ደም እየፈሰሰው ነው፤ የሚያስፈልገው ደም ነው።

ፕላትሌት ስለወረደ ብቻ ፕላትሌት አይሰጥም። 20 ሺህ ሆኖ የማይደማ ሰው ይጠበቃል፣ ይታያል። ቤተሰቡ «ፕላትሌት ከባሕር ዳር እናምጣ?» እያለ ሲጨነቅ ይህን በእርጋታ አስረዱት።

ዘጠነኛ፦ ቤት ለሚታከመው

የአደጋ ምልክት የሌለው፣ መጠጣት የሚችል፣ በየስድስት ሰዓቱ የሚሸና ሰው ቤቱ ሊታከም ይችላል። ፓራሲታሞል በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ ለአዋቂ በቀን ከ3 ግራም ሳይበልጥ። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አይነኩ፤ በጡንቻ የሚወጋ ማንኛውም መርፌም ይቅር። ለእናቱ በግልጽ ንገሯቸው፦ «እናቴ፣ ለቁርጥማቱ ከፋርማሲ መርፌ እንዳያስወጉት።»

ይጠጣ፤ ኦአርኤስ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ የበሶ ብጥብጥ፣ የሾርባ ውኃ። ቀይ መጠጥ ግን ለጊዜው ይቅር፤ ቢያስታውከው ደም መስሎ ያሳስታል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ትንኟ ከእርሱ ወስዳ ለሌላው እንዳታደርስ። ትኩሳቱ በወረደ ዕለትም ጤና ጣቢያ ተመልሶ ይምጣ፤ ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ የሚያስቀረው ያኔ ነውና ይህን ሁለት ጊዜ ንገሯቸው።

አሥረኛ፦ ሲያገግም

ጥቅምት 19፣ ቀን ሰባት። ምግብ ጠይቋል፣ ሽንቱ በዝቷል፣ ምቱ 58 ነው፤ በማገገሚያ ወቅት ምት መዝገሙ የተለመደ ነው። መዳፉንና ውስጥ እግሩን ያሳክከዋል፤ ቅላት በወረሰው ቆዳ ላይ ክብ ክብ ጤነኛ ቦታዎች ቀርተዋል። ሄማቶክሪት 41፣ ነጭ ሕዋስ 4,600፣ ፕላትሌት 70 ሺህ። ነጩ መጀመሪያ ይነሣል፣ ፕላትሌት ይከተላል። ሾልኮ የነበረው ውኃ አሁን ወደ ደም ሥር እየተመለሰ ነው፤ ስለዚህ የተሰካውን ፈሳሽ ንቀሉ። በዚህ ቀን «ይበረታ» ተብሎ የሚጨመር ፈሳሽ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

ያለ ፓራሲታሞል 48 ሰዓት ትኩሳት ካልተመለሰ፣ ፕላትሌቱ ከ50 ሺህ በላይ ሆኖ እየጨመረ ከሆነ፣ ሄማቶክሪቱም ያለ ፈሳሽ ከረጋ ይውጣ። ድካሙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ለእርሻ ሥራ እንዳይቸኩል ንገሩት።

ከመውጣቱ በፊት አንድ ትንሽ ካርድ ጻፉለት፦ «ዴንጊ፣ ጥቅምት» ብላችሁ ዓመቱን፣ ከሥሩም ሲያገግም የተለካውን ሄማቶክሪት። በኪስ ቦርሳው ከመታወቂያው ጋር ይያዘው። በሚመጣው ሐምሌ ለአረም ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ እዚያ ትኩሳት ቢነሣበት የሚያገኘው ነርስ ዳግመኛ መያዙን ከካርዱ ያውቃል፣ መነሻውንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል።